የጉዳይ ጥናት፦ በጋራ መኖሪያ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ በባለቤቶቹ እጅ የታደሰ ማዕድ ቤት

መነሻ

ይህ ጽሑፍ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ ባልና ሚስት ማዕድ ቤታቸውን ከሐምሌ 1 እስከ ጳጉሜን 3 ቀን 2016 ዓ.ም. ድረስ በራሳቸው እጅ ያደሱበትን ሂደት ይመዘግባል። ባልየው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ናቸው፤ ሚስትየው የቢሮ ሠራተኛ ናቸው። እኔ የግንባታ ሥራ ተቆጣጣሪና ጎረቤታቸው ስሆን፣ ቅዳሜና እሑድ እየወጣሁ ረድቻቸዋለሁ፤ ከዚህ በታች ከተዘረዘሩት ስሕተቶች አንዳንዶቹ ላይም እጄ አለበት።

ሥራው በመጨረሻ ተሳክቷል። ነገር ግን በሦስት ሳምንት ያልቃል የተባለው ዘጠኝ ሳምንት ፈጅቷል፣ ወጪውም ከታሰበው 34 በመቶ በልጧል። ባለቤቶቹ በእጅ ሥራ ከአንዳንድ ባለሙያ የማይተናነሱ ሆነው ሳለ ይህ ለምን እንደደረሰ መመርመሩ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ቤቱና ማዕድ ቤቱ

ቤቱ በ20/80 መርሐ ግብር በዕጣ የተገኘ ባለ ሁለት መኝታ ክፍል ነው። ቤተሰቡ አምስት ሰው ነው፤ ባልና ሚስት፣ ሁለት ልጆችና የሚስትየው እናት። ማዕድ ቤቱ 2.80 ሜትር በ2.10 ሜትር ሲሆን፣ ወለሉ ሊሾ፣ ግድግዳው በብሎኬት የተገነባና የተለሰነ፣ ውሃው በጋልቫናይዝድ (ዚንክ በተለበጠ ብረት) ቧንቧ የሚመጣ፣ ከመታጠቢያው ገንዳ በስተቀር ሌላ የተሠራ ነገር የሌለው ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሲኖሩበት ዕቃው በፕላስቲክ መደርደሪያ ላይ፣ ምጣዱ መሬት ላይ፣ ቡታጋዙ በአንድ አሮጌ ጠረጴዛ ላይ ነበር።

ችግሮቹ ሦስት ነበሩ። እንጀራ ሲጋገር ሌላ ነገር ከተሰካ ብሬከሩ ይወድቃል፤ የውሃው ግፊት ደካማ ሲሆን ውሃው ራሱ ቡናማ ሆኖ ይመጣል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ አያትየዋ መሬት ላይ ጎንበስ ብለው መጋገር አቅቷቸዋል። ለዕድሳቱ መነሻ የሆነው ይኸው የመጨረሻው ምክንያት ነው። ቤቱን ያሳመረው ሴራሚክ ከጊዜ በኋላ የተጨመረ ሐሳብ ነበር።

ዕቅድ

ባለቤቶቹ መጀመሪያ የፈለጉት በማዕድ ቤቱና በሳሎኑ መካከል ያለውን ግድግዳ አፍርሰው አንድ ሰፊ ክፍል ማድረግ ነበር። ሕንፃው የቆመው በኮንክሪት አምዶችና ወራጆች ላይ ስለሆነ ያ የብሎኬት ግድግዳ ሸክም አይሸከምም፤ ይሁን እንጂ የሦስት ክፍሎች የኤሌክትሪክ ቱቦ የሚያልፈው በውስጡ ነው። ከዚህም ሌላ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ለማሻሻያ ሥራ ፈቃድ ይጠይቅ ነበር፤ በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370 ደግሞ የግል የሆነውን ከጋራው ይለያል፣ ብዙ ሰው የግሌ ነው የሚለው ቧንቧም ወደ ታች ከሚወርደው ዋና መስመር ጋር ከተገናኘበት ነጥብ ጀምሮ የጋራ ጉዳይ ይሆናል። ግድግዳውን መተዋቸው ትክክል ነበር። ለማኅበሩ ኮሚቴ ስለቀረው ሥራ በጽሑፍ አሳወቁ፣ መዶሻና መቁረጫ የሚሠራበትን ሰዓትም ከጎረቤት ጋር ተስማሙ።

ቀጥሎ ሚስትየው ጥሩ ሥራ ሠሩ። አንድ ቅዳሜ እናታቸው ሲጋግሩና ወጥ ሲሠሩ እየተመለከቱ እያንዳንዱን እንቅስቃሴ በደብተር ጻፉ፤ ሊጡ ከየት ይነሣል፣ ሰፌዱ የት ይቀመጣል፣ የወጣው እንጀራ የት ይቀዘቅዛል። ከዚህ የወጣው ውጤት በየሱቁ ከሚታየው የካቢኔት ናሙና የተለየ ነበር። የተለመደው የካቢኔት ጠረጴዛ ቁመቱ ከ85 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱም 60 ሳንቲ ሜትር ነው፤ የምጣዱ ሸክላ ብቻውን ወደ 60 ሳንቲ ሜትር ስለሚጠጋ ከነማቀፊያው በዚያ ላይ አይቀመጥም፣ ቢቀመጥ እንኳ ሊጥ ከዳር ወደ መሐል እያዞሩ ለማፍሰስ ክንድ ከትከሻ በላይ ይነሣል። ስለዚህ በመስኮቱ ሥር 80 ሳንቲ ሜትር ጥልቀትና 72 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው፣ በብሎኬት የተሠራና ሴራሚክ የለበሰ የምጣድ መደብ ታቀደ። ቁመቱ የተወሰነው አያትየዋ ቆመው በተለያየ ከፍታ በተደራረቡ ካርቶኖች ላይ ባዶ ሰፌድ እያንሸራተቱ ነው። ከጠቅላላው ሥራ ያለ ምንም ቅሬታ ያለፈው ይህ ክፍል ብቻ ነው።

ለሴራሚኩ የተደረገው ስሌት እንዲህ ነበር። ሴራሚክ የሚለብሱት ሁለት ግድግዳዎች ርዝመት 4.90 ሜትር፣ ከፍታው 1.50 ሜትር ሲሆን ስፋቱ 7.35 ካሬ ሜትር ይሆናል። 30 በ60 ሳንቲ ሜትር የሆነው ሴራሚክ አንዱ 0.18 ካሬ ስለሆነ 41 ፍሬ ያስፈልጋል፤ ለመቁረጥና ለስብራት 10 በመቶ ሲጨመር ስምንት ፍሬ በሚይዘው ካርቶን ስድስት ካርቶን፣ ማለትም 48 ፍሬ ተገዛ። ስሌቱ በወረቀት ላይ እንከን አልነበረውም።

የኤሌክትሪክ ሥራ

ይህን ክፍል ባለቤቶቹ በራሳቸው ለመሥራት አስበው ነበር፤ እኔ አጥብቄ ተቃወምኩ፣ የፈቃድ ወረቀት ያለው ኤሌክትሪሺያንም ተቀጠረ። የማዕድ ቤቱ ሶኬቶች በሙሉ በ2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦና በአንድ ባለ 16 አምፔር ብሬከር ይሠሩ ነበር። ምጣዱ 3.5 ኪሎ ዋት የሚወስድ ስለሆነ በ220 ቮልት ብቻውን ወደ 16 አምፔር ይስባል። ስለዚህ ብሬከሩ መውደቁ ብልሽት አልነበረም፤ ሥራውን እየሠራ ነበር። ከዓመታት በፊት የመጣ አንድ ሠራተኛ ብሬከሩን በባለ 25 አምፔር ልለውጥላችሁ ብሏቸው እንደነበር ሲነግሩኝ ደነገጥኩ፤ ብሬከሩ አልወድቅ ሲል ሙቀቱን የሚሸከመው በግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ ነውና።

ለምጣዱ ከማከፋፈያው ሣጥን ብቻውን የሚመጣ የ4 ካሬ ሚሊ ሜትር መስመር በባለ 20 አምፔር ብሬከር ተዘረጋ። ኤሌክትሪሺያኑ ሲፈትሹ በአሮጌዎቹ ሶኬቶች ውስጥ የመሬት ሽቦ፣ ማለትም ያፈተለከ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚወስደው ሽቦ፣ አልተገናኘም ነበር፤ እርጥብ ወለል ላይ ቆሞ የብረት አካል ያለው ምጣድ ለሚነካ ሰው ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው። የመሬት ሽቦው ተገናኘ፣ በ30 ሚሊ አምፔር መፍሰስ መስመሩን የሚቆርጥ መከላከያ ብሬከርም ገባ። ባልየው ግድግዳውን ለቱቦው ቀደው ስላዘጋጁ የእጅ ዋጋው በግማሽ ያህል ቀነሰ።

ያልተፈታ ነገር ግን አለ። የቤቱ ዋና ብሬከር 32 አምፔር ስለሆነ ቤቱ በአንድ ጊዜ ከ7 ኪሎ ዋት ብዙም ሊያልፍ አይችልም። ምጣዱ 3.5፣ የኤሌክትሪክ ምድጃው 2፣ የውሃ ማንቆርቆሪያው 1.8 ኪሎ ዋት ሲደመሩ 7.3 ይሆናሉ፤ ማቀዝቀዣው ገና አልተቆጠረም። አዲስ ሽቦ ይህን አይለውጠውም። በመጋገሪያ ቀን ሻይ ቀድሞ ፈልቶ በፔርሙዝ ይቀመጣል።

የውሃና የፍሳሽ ሥራ

የውሃውን መስመር ባልየው ራሳቸው ሠሩ። የጋልቫናይዝዱን ቧንቧ አውጥተው በ20 ሚሊ ሜትር ፒፒአር (በሙቀት በሚበየድ የፕላስቲክ ቧንቧ) ለወጡት፤ መበየጃውን ለሁለት ቀን ተከራዩ። ፒፒአር በ260 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይበየዳል፤ ለ20 ሚሊ ሜትር ቧንቧ የማሞቂያው ጊዜ አምስት ሰኮንድ ገደማ ብቻ ነው። ባልየው በቁርጥራጭ ቧንቧ ተለማምደው የመጀመሪያ ብየዳቸውን በመጋዝ ለሁለት ሰነጠቁት፤ ብዙ በማሞቃቸው የቀለጠው ፕላስቲክ ወደ ውስጥ ገብቶ ቀዳዳውን ከግማሽ በላይ ዘግቶት አገኙት። ወፍራሙ ዓይነት ቧንቧ ውስጡ መጀመሪያውንም 13 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከውጭ ሲታይ ግን ብየዳው እጅግ ያምር ነበር። ከዚያ በኋላ ሰኮንዱን ልጃቸው በስልክ ሰዓት እየቆጠረ ሠሩ፣ የውሃው መስመር እስከ ዛሬ አላንጠባጠበም።

ፍሳሹ ላይ የደረሰው የተለየ ነው። አዲሱ የመታጠቢያ ገንዳ ከአሮጌው ቦታ በ1.20 ሜትር ስለራቀ የ50 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ ቱቦ በግድግዳው ውስጥ በየሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር እየወረደ ተዘረጋ፤ ተዳፋቱ ትክክል ነበር። አሮጌው ቱቦ ጋ ያለው መገጣጠሚያ ግን የተሠራው መሸት ሲል ነው፤ ቱቦው አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ብቻ ገብቶ፣ የብሎኬት አቧራው ሳይጠረግ ማጣበቂያ ተቀባ። ይህን ያወቅነው በኋላ ነው።

በአካባቢው ውሃ የሚመጣው በፈረቃ፣ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ብዙ ጊዜ ሌሊት ነው። መገጣጠሚያው ባለቀ ዕለት ውሃ አልነበረም። ቀጣዩ ፈረቃ ከሦስት ቀን በኋላ ነበር፣ ሴራሚክ ለመለጠፍ የሚያግዝ የባልየው ወንድም ደግሞ ነጻ የነበረው በማግስቱ ብቻ ነበር። “ውሃው ሲመጣ እናየዋለን” ተባለ፤ እኔም እዚያው ቆሜ ተስማማሁ። ግድግዳው ተለሰነ፣ ከዚያ ሴራሚኩ ተለጠፈ።

ሐምሌ 19 ሌሊት ውሃ መጣ። ገንዳው ለጊዜው ተገጥሞ ስለነበር ቡናማው ውሃ እስኪጠራ ድረስ ቧንቧው ለአንድ ሰዓት ያህል ተከፍቶ ተለቀቀ። ጠዋት በሦስተኛው ፎቅ የሚኖሩት አዛውንት በሩን አንኳኩ። “ልጆቼ፣ ኮርኒሴ ላይ ካርታ ተስሏል፤ መጥታችሁ እዩት” አሉ። ውሃው በብሎኬቱ ባዶ ሆድ ወርዶ፣ በወለሉ ዳር ሾልኮ የእርሳቸውን ጣሪያ አርሷል። ባለቤቶቹ ክርክር አላነሡም፤ በዚያው ዕለት ወርደው ይቅርታ ጠየቁ፣ ጣሪያው ሲደርቅ በራሳቸው ወጪ እንደሚቀቡም ቃል ገቡ። ክረምት ስለነበር እስኪደርቅ አምስት ሳምንት ወሰደ፣ ቀለሙም ሁለት ጊዜ መቀባት ነበረበት።

መገጣጠሚያውን ለማግኘት አራት ሴራሚክ ተሰበረ። ከ48ቱ ፍሬዎች 41 ተለጥፈው አምስት በመቁረጥ ስለተበላሹ የቀረው ሁለት ነበር። ሌላ ሁለት ለመግዛት የተሄደው በወሩ መጨረሻ ነው፤ በመካከሉ ሐምሌ 22 ቀን ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን አድርጎ ስለነበር ሻጩ የቀደመውን ዋጋ ሊሰሙት አልፈለጉም። ካርቶንም አይፈቱም። የተገዛው ካርቶን ላይ ያለው የቀለም ቁጥር ከመጀመሪያው የተለየ ሆነ፤ ስሙ አንድ፣ ነጭነቱ ግን ሁለት ዓይነት ነው። ደግነቱ ስብራቱ ከገንዳው ሥር፣ ካቢኔት የሚሸፍነው ቦታ ላይ ነበርና ልዩነቱ አይታይም።

አዲሱ መገጣጠሚያ ከመሸፈኑ በፊት ተሞከረ፤ ውሃ ግን ያኔም አልነበረም። ቱቦው ከታች በጨርቅና በፕላስቲክ ተወትፎ፣ ከላይ ከጀሪካን ውሃ ተሞልቶ አንድ ሌሊት አደረ፤ ጠዋት መጠኑ አልጎደለም። ያ ጀሪካን በመጀመሪያው ዕለትም በረንዳው ላይ ነበር።

ካቢኔቱ

የካቢኔቱ ጣውላ በአንድ የእንጨት ሥራ ቤት በልክ ተቆርጦ፣ ጠርዙ በፒቪሲ ተለብጦ መጣ፤ መገጣጠሙን ባልና ሚስቱ ሠሩ። የታችኛው ካቢኔት በአራት ምሽት አለቀ።

የላይኛው አስቸገረ። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ስለሆነ ተራ ፊሸር (ብሎን የሚይዘው የፕላስቲክ መሰኪያ) ጥቂት ሳንቲ ሜትር ቅርፊት ብቻ ነው የሚይዘው። ሚስትየው ከፍሳሹ ጉዳይ በኋላ ያለ ሙከራ ምንም እንደማይቀበሉ ተናግረው ነበርና፣ ሳህን ከመደርደሩ በፊት በአንደኛው ካቢኔት ውስጥ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሙሉ ውሃ አስቀመጡ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሁለቱ የላይ ብሎኖች እየወጡ ነበር። ካቢኔቱ ወረደ፤ ብሎኖቹ በሚገቡበት ቦታ የብሎኬቱ ፊት ተከፍቶ ባዶው ሆድ በሲሚንቶ ሙሌት ተሞላ፣ ለሰባት ቀን ውሃ እየጠጣ ጠነከረ። ከዚያም አንድ ረጅም ጠፍጣፋ ብረት በሦስት የተሞሉ ነጥቦችና በአንደኛው ጫፍ በኮንክሪቱ አምድ ላይ ታስሮ ካቢኔቶቹ በእርሱ ላይ ተሰቀሉ። በሁለተኛው ሙከራ ሁለት ጀሪካን ለሁለት ቀን ተሸከመ። ግድግዳው በወዲያኛው በኩል የሌላ ሰው ቤት ስለሆነ አልፎ የሚወጣ ብሎን መጠቀም አይቻልም ነበር።

ያልተሳካው የጣውላው ምርጫ ነው። ዋጋው ስለቀለለ ሁሉም በቺፕውድ፣ ማለትም ከእንጨት ፍርፋሪ በሙጫ ተጨምቆ በሚሠራ ሰሌዳ፣ ተሠራ። ከምጣዱ መደብ ጎን ያለው ሰሌዳ የታችኛው ጠርዝ ወለሉን ስለሚነካ አይታይም ተብሎ ሳይለበጥ ቀረ፤ በእንፋሎቱና በወለል እጥበቱ ምክንያት በአራት ወር ውስጥ አብጦ ተሰነጠቀ። በልብጡ የተቆጠበው ገንዘብ ከአንድ ኪሎ ቡና ዋጋ አይበልጥም ነበር።

ያልታሰበ ወጪ

መጠባበቂያ ተብሎ የተያዘው 10 በመቶ ነበር። ከተጨመረው ወጪ ግማሽ ያህሉን የወሰዱት በየዕቃው የታየው የዋጋ ለውጥና የፍሳሹ ጥገና ናቸው። የቀረው ማንም በዝርዝር ያላስገባው ነው። አምስት ሰው ለዘጠኝ ሳምንት እንጀራ ከውጭ እየገዛ በላ። በረንዳ ላይ የተቀመጠ አንድ ከረጢት ሲሚንቶ በክረምቱ እርጥበት ጓጉሎ ተጣለ፤ ከሥሩ እንጨት አልተደረገለትም ነበር። ከአራተኛ ፎቅ ያለ ሊፍት ፍርስራሽ ለሚያወርዱ ልጆች በየከረጢቱ ተከፈለ።

በሌላ ሰው ያሠሩ ኖሮ ርካሽ ይሆን ነበር ወይ ተብዬ ተጠይቄአለሁ። ሥራው ሲጀመር ከሁለት ባለሙያዎች የተሰጠው ዋጋ ከመጨረሻው ወጪ አሁንም በለጥ ይላል፤ ነገር ግን የመምህሩ የክረምት ዕረፍት በሙሉ አልተቆጠረም።

ለሌላ ቤት የሚያገለግሉ ነጥቦች

በግድግዳ ወይም በወለል ውስጥ የሚቀበር ነገር ሁሉ ከመሸፈኑ በፊት መሞከር አለበት የሚለው ሁሉም የሚያውቀው ነው፤ እዚህም ሁሉም ያውቁት ነበር። ጉዳዩ ያስተማረን መሞከሪያው ራሱ በዕቅዱ ውስጥ ቀን ሊኖረው እንደሚገባ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የልስኑ ቀን የሚቆረጠው ከፈረቃው በኋላ ነው፤ ካልሆነ በጀሪካን ይሞከራል። ፍሳሽ ግፊት ስለሌለው ጀሪካን ይበቃዋል። ግፊት ያለበት የውሃ መስመር ግን የእጅ ፓምፕ ይፈልጋል፤ የቧንቧ ሠራተኞች ያከራዩታል።

የትኛውን በራስ መሥራት፣ የትኛውን መተው እንደሚገባ ስመዝን የምጠይቀው ስሕተቱ ማንን ይጎዳል የሚለውን ነው። ጠማማ ሴራሚክ ዓይንን ብቻ ይጎዳል። ኤሌክትሪክ ሰው ይገድላል፣ ፍሳሽ ደግሞ የጎረቤትን ቤት ያበላሻል። ዛሬ ቢሆን ከአሮጌው መስመር ጋር የሚያገናኘውን ያን አንድ መገጣጠሚያ ለቧንቧ ሠራተኛ እተወው ነበር፤ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ልኬቱ ከምጣዱ መጀመሩ ሌላው ሁሉ ቦታውን እንዲያገኝ ረድቷል፤ ካቢኔቱን ቀድሞ አዝዞ ምጣዱን በኋላ የሚያስብ ሰው መሬት ላይ ወደ መጋገር ሲመለስ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ሴራሚክን በተመለከተ ለአነስተኛ ክፍል 10 በመቶ አይበቃም። ስድስት ካርቶን ለሚፈጅ ሥራ አንድ ሙሉ ካርቶን መጨመርና ሁሉንም በአንድ ቀን፣ የካርቶኖቹን የቀለም ቁጥር እያስተያዩ መግዛት ይሻላል። ሲሚንቶ በተቃራኒው ለሳምንቱ የሚበቃው ብቻ ቢገዛ ይመረጣል።

ሚስትየው ልስኑ ከመለበሱ በፊት እያንዳንዱን ግድግዳ ከተዘረጋ ሜትር ጋር ፎቶ አንሥተው ነበር፤ ሽቦው ከጥጉ ስንት ሳንቲ ሜትር እንደሚርቅ፣ ቱቦው በየት ከፍታ እንደሚያልፍ ይታያል። ፎቶዎቹ ታትመው በማከፋፈያው ሣጥን በር ጀርባ ተለጥፈዋል። የላይኛው ካቢኔት ብረት የታሰረው እነዚያን ፎቶዎች እያየን ነው፣ የምጣዱንም መስመር አልነካነውም። ያበጠው የጎን ሰሌዳ ገና አልተለወጠም፤ ባልየው ለመጪው ክረምት በአሉሚኒየም ሊለውጡት ልኩን ወስደዋል።